ይማሰል ወይስ ይናጥ

ጥቅምት 3፣ ሰኞ

ከዘጠኝ ቀን በኋላ ዛሬ ሥራ ገባሁ። ትኩሳቱ ለቆኛል፤ ጉልበቴ ግን ገና ከኋላዬ እየተጎተተ ይመጣል። ሐኪሙ «ፈሳሽ ያብዙ» ብሎኝ ነበር። «ሃያ ስድስት ዓመት ባርማን ነኝ፤ እሱን ለእኔ ተወው» አልኩት። አልሳቀም።

ባሩ እንደተውኩት ነው። ሻለቃ ብርጭቆዎቹን በቁመታቸው ደርድራ ጠበቀችኝ። ሻለቃ ወታደር ሆና አታውቅም፤ አሥራ አንድ ዓመት አስተናጋጅ ናት። ትሪ ይዛ በጠረጴዛዎቹ መካከል ስታልፍ ግን ሰው ሁሉ እግሩን ይሰበስባል። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ አሁን ሥራ አስኪያጇም በሱ ነው የምትጠራት።

«ጋሼ፣ ከሳህ» አለችኝ።

«ቀበቶ አጥብቄ ነው።»

ሎሚ ቆረጥኩ። አልሸተተኝም። ሌላ ቆረጥኩ። የጉንፋን ርዝራዥ ነው፤ ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃል።


ጥቅምት 5፣ ረቡዕ

ሥራ አስኪያጇ ሦስታችንን ጠራችን፤ እኔን፣ ሻለቃንና ፊልመኛውን።

ፊልመኛው የሆቴሉ ሠራተኛ አይደለም። ሲኒማ ቤቱ እስኪዘጋ ድረስ ፊልም አጫዋች ነበር። ሲዘጋ ማጫወቻውን ከነፊልሞቹ ቤቱ አስገብቶ አልጋውን ግድግዳ ላይ ለጠፈው። ሚስት ያላገባሁት ቦታ አጥቼ ነው ይላል። በየቅዳሜው ባሬ ጥግ ላይ ተቀምጦ አንድ ማርቲኒ ይጠጣል፤ ከጠጣ በኋላ ስለማርቲኒው ያማርራል። ይኸው ሃያ ዓመታችን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሆቴላችን ባቡር ጣቢያው አጠገብ ስለሆነ እንግዳው በልቶ ይተኛል፣ በማለዳ ይሄዳል። ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ባሩ ተማሪ ያልመጣበት ክፍል ይመስላል። ባለቤቶቹ ኬክ ቤት ሊያደርጉት አስበዋል።

«እስከ ኅዳር መጨረሻ ጊዜ ለምኛለሁ» አለች ሥራ አስኪያጇ። «ስድስት ሐሙስ። ከባሩ ጀርባ ባለው ትንሽ አዳራሽ ስድስት የድሮ የስለላ ፊልም እናሳያለን፤ ለእያንዳንዱ ፊልም አንድ መጠጥ። ፊልሙን እሳቸው ይመርጣሉ፣ መጠጡን እርስዎ። አዳራሹ ከሞላ ባሩ ይቆያል።»

ፊልመኛው ወንበሩን ወደፊት ሳበ። «የመጨረሻው ሐሙስ ማርቲኒ ነው። የስለላ ፊልም ያለ ማርቲኒ፣ ሠርግ ያለ ሙሽራ ማለት ነው።»

«እስማማለሁ» አልኩ።

«የተናጠ።»

«የተማሰለ።»

«ይኸው ጀመሩ» አለች ሻለቃ።

«አንተ ሰውዬ፣ ሰላይ ጊዜ የለውም! ይንጠዋል፣ ይጠጣዋል፣ በመስኮት ይዘላል።»

«ጂን ወተት ነው እንዴ የምትንጠው? ቅቤ ልታወጣለት ነው?»

«አንተስ ሾርባ ነው እንዴ የምታማስለው?»

ሥራ አስኪያጇ ልዩነቱ ምንድን ነው ብላ ጠየቀች። ሁለታችንም ዞር ብለን አየናት፤ አሳዘነችን። ማርቲኒ ጂንና ቬርሙት የሚባል ባለቅመም ወይን ነው፤ ከበረዶ ጋር በረጅም ማንኪያ ቀስ ብሎ ሲማሰል እንደ መስታወት ይጠራል፣ ምላስ ላይ እንደ ሐር ይሄዳል። ሲናጥ ይደፈርሳል፤ በረዶው ይሰባበርና ውኃ ይበዛበታል። ፊልመኛው ግን ሲናጥ የበለጠ ይቀዘቅዛል፣ ሰውን ያነቃል ባይ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ሎሚው ዛሬም አልሸተተኝም።


ጥቅምት 9፣ እሑድ

ባሩ ሳይከፈት ብቻዬን ገብቼ ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ አሸተትኩ። ጂን፣ ምንም። ውስኪ፣ ምንም። ያ መራራው ቀይ፣ ሁለት ክፍል አልፎ የሚሸተው፣ ምንም። ሁሉም ውኃ ሆኗል።

ምላሴ ይሠራል። ጣፋጩን፣ ጎምዛዛውን፣ መራራውን ይለያል። ግን ምላስ በር ጠባቂ ነው፤ ሰው መግባቱን ያውቃል እንጂ ማን እንደሆነ አያውቅም። ቬርሙት ወይን ስለሆነ ተከፍቶ ሲከርም ይበላሻል። መበላሸቱን ሃያ ስድስት ዓመት የነገረኝ አፍንጫዬ ነው።

ለማን ልንገር? ባሩ በክር ተንጠልጥሎ ሳለ ባርማኑ አያሸትም ቢባል፣ ኬኩን ነገውኑ ይጋግሩታል። ሆድ ይፍጀው።

እጄ ልኬቱን ያውቃል። ዓይኔ ቀለሙን ያውቃል። ጆሮዬ በረዶውን ያውቃል። ሦስት ምስክር ካለ አራተኛው ቢቀር ምን አለበት?


ጥቅምት 14፣ አርብ

የእረፍት ቀኔ። ባለቤቴ የመጋረጃ ስፌቷን አቋርጣ ሻይ አፈላችልኝ።

«ቀረፋው በዛብህ እንዴ?» አለችኝ።

«ኧረ ልክ ነው። ሽታው ራሱ ያጠግባል።»

ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ መርፌዋን አንስታ ስፌቷን ቀጠለች። የከረመ ባልና ሚስት እንዲህ ነው፤ ያለ ምክንያትም ይተያያል።


ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

ቸኩያለሁ። ሃያ ሁለት ሰው። ወንበር ከምግብ አዳራሹ አመጣን። ማጫወቻው ሁለቴ ቆመ፣ ሁለቴ ተነሳ። ብርጭቆ አነሰ። ነገ እጽፋለሁ።


ጥቅምት 21፣ አርብ

የትናንቱ ፊልም የባቡር ነበር። አንዲት ሴት ሚስጥራዊ ወረቀት በባርኔጣዋ ገበር ውስጥ ሰፍታ ሦስት ድንበር ታቋርጣለች። በየጣቢያው ባርኔጣዋን የሚያደንቅ መኮንን ይገጥማታል። ለሷ የመረጥኩላት ጂን፣ ሎሚ፣ ትንሽ ስኳርና ከላይ አረፋማ ወይን ነው። ረጅም ብርጭቆ፣ አረፋው እስከ መጨረሻው የማይተኛ፤ ሴትዮዋም እስከ መጨረሻው አልተኛችም። መኮንኑ ባርኔጣውን ከራሷ ላይ ሲያነሳው አዳራሹ ትንፋሹን ዋጠ። የፊት ወንበር ላይ የነበሩ አንድ ጥርስ ሐኪም «ኧረ አትስጪው!» ብለው ጮኹ።

ለሚቀጥሉት ሳምንታትም ከፊልመኛው ጋር ተስማምተናል፤ ማለት ሦስት ቀን ተጨቃጭቀናል። ለበረዶው ድንበር ፊልም ቮድካ በዝንጅብል። ሁለት ጌታ ለሚያገለግለው ሰላይ ጂን፣ ቀይ ቬርሙትና ያ መራራው፣ ሦስቱም እኩል፤ ማን ማንን እንደሚሰልል አይታወቅም። ከመዝገብ ቤት ወንበሩ ሳይነሳ ከሃዲውን ለሚያገኘው ሽማግሌ ጸሐፊ፣ ፊልመኛው ኮክቴል ካልሆነ አለ።

«ይሄ ሰውዬ ኮክቴል አይጠጣም» አልኩት። «ይሄ ሰውዬ ውስኪ በጠብታ ውኃ ጠጥቶ ብርጭቆውን ራሱ የሚያጥብ ሰው ነው።»

አሰበበት። «እውነትህን ነው። ሚስቱም ሞታበታለች» አለ። እንዲህ ስለሆነ ነው የምወደው። ፊልም ውስጥ ላለ ሰው ሁሉ ጎረቤቱ እንደሆነ ያዝናል።

አንድ ነገር። ሻለቃ ትሪውን ከባሩ ስታነሳ ጎንበስ እያለች ብርጭቆዎቹ ላይ ፊቷን ታስጠጋለች። ድሮ እንዲህ አታደርግም ነበር። ወገቧን አሟት ይሆናል። አሥራ አንድ ዓመት ትሪ ቀላል ነው እንዴ? ቅባት እገዛላታለሁ።


ጥቅምት 29፣ ቅዳሜ

ሐሙስ ሃያ ስምንት ሰው መጣ። የዝንጅብሉን ወደዱት።

ለሻለቃ የወገብ ቅባት ሰጠኋት። ቅባቱን አየች፣ እኔን አየች። «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» ብላ ኪሷ ከተተችው። ከንፈሯን ነከስ አደረገች። ሕመሟን የምትደብቅ ሴት ናት።

ማቀዝቀዣው ውስጥ ያሉት የቬርሙት ጠርሙሶች ላይ ነጭ ወረቀት ተለጥፎ የተከፈቱበት ቀን ተጽፎባቸዋል። የሻለቃ እጅ ጽሑፍ ነው። ሥራ አስኪያጇ አዛ መሆን አለበት። ጥሩ አድርጋለች፤ ግን ለእኔ ለምን አልነገረችኝም?

ፊልመኛው የቅዳሜ ማርቲኒውን ጠጣና «ዛሬ ሎሚው የት ሄደ?» አለ። ልጣጩን ጨምቄ ዘይቱን ብርጭቆው ላይ መርጨት ረስቼ ኖሯል። የማይሸተኝን ነገር እጄም ሊረሳው ነው ማለት ነው።

«ለሰላይ ሎሚ አያስፈልገውም» አልኩት።

ሳቀ። እኔ ግን እቤት ስደርስ እጄን ረጅም ጊዜ ታጠብኩ። ለምን እንደታጠብኩ አላውቅም።


ኅዳር 5፣ አርብ

ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ነው የምጽፈው። ባለቤቴ መጋረጃ ልታደርስ ወጥታለች። ሾርባ ጥጄ እስክትመጣ ልጠብቃት ብያለሁ። ነፋስ ስለሆነ መስኮቱን ዘግቻለሁ።

ትናንት ሠላሳ አንድ ሰው። የሁለቱ ጌቶች አገልጋይ ፊልም መጨረሻ ላይ ማንም ከወንበሩ አልተነሳም። ጥርስ ሐኪሙ ባለቤታቸውን ይዘው መጥተዋል። አንድ የባቡር ትኬት ቆራጭ ሥራውን ለጓደኛው ሰጥቶ መጥቶ ነበር። ሥራ አስኪያጇ በሩ ላይ ቆማ ወንበር ትቆጥራለች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

አንዱ ደንበኛ «እርስዎ ራስዎ የትኛውን ይወዳሉ?» አለኝ። «ሦስተኛውን፤ ሽታው ልዩ ነው» አልኩት። ውሸት እንዴት ቀላል ሆነብኝ? ድሮ ለደንበኛ ዋሽቼ አላውቅም፤ የጠጪ ሚስት ስትጠይቀኝ እንኳ እውነቱን ነበር የምነግራት።

ድስቱ ዝም አለ። በስሎ ይሆናል፤ ይህችን ገጽ ልጨርስና አየዋለሁ።

ራሴን ትንሽ ያመኛል። እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኛል፣ በቀን። ሁለት ቀን አልተኛሁም ለዚያ ነው። ፊደሎቹ ምን ነክቷቸው ነው መስመሩን የሚለቁት። ማርቲኒውን ሳስብ ማንኪያው


ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

ልጻፈው።

ሾርባው ገንፍሎ እሳቱን አጥፍቶታል። ጋዙ ግን መፍሰሱን አላቆመም። ባለቤቴ በሩን ስትከፍት ሽታው ደረጃው ላይ ነው የተቀበላት። እኔ እዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ ከምድጃው ሁለት ክንድ ርቄ፣ ግንባሬን ደብተሩ ላይ ጥዬ ነበር።

አልጮኸችም። ጋዙን ዘጋች፣ መስኮቶቹን በረገደች፣ ብብቴ ሥር ገብታ ጎትታ ደረጃው ላይ አስቀመጠችኝ። እሷ ግማሼን አታክልም። ራሴን ሳውቅ ቀሚሷን ይዤ ነበር።

«ስንት ጊዜ ሆነህ?» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ያን ቀን ሻይ ያፈላሁልህ ጊዜ፣ ቀረፋ አልጨመርኩበትም።»

አፌን በእጄ ያዝኩ።

«ሳሙና ስቀይር አታውቅም። ሸሚዝ ሲቃጠልብኝ ከጎኔ ቆመህ ታወራለህ። ትነግረኛለህ ብዬ ጠበቅኩ። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ አንተ ደግሞ ከእኔ ሸሸግከው።» እዚህ ላይ ነው ያለቀሰችው። በጋዙ አላለቀሰችም፤ በመደበቄ ነው።

ዛሬ ጠዋት ሐኪም ጋ ወሰደችኝ። ከጉንፋን በኋላ የሚመጣ ነገር ነው አለ። በወራት ውስጥ ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል፣ ተዛብቶ ሊመለስም ይችላል። ጠዋትና ማታ አራት የታወቁ ነገሮችን እያሸተቱ አፍንጫን ማለማመድ ነው። «ምን እየሠራህ ነው ቢሉኝ ምን እላለሁ?» አልኩት። «ተማሪ ሆንኩ ይበሉ» አለኝ። ይሄ ሐኪም መቀለድ ያውቃል ለካ።

ባለቤቴ ሁለት ነገር አስማለችኝ። መለማመዱን እንዳልተው፣ ሥራ ቦታም እንድናገር።

«ሦስት ሐሙስ ነው የቀረው። እሱ ይለቅና» አልኩ።

«ሰው ብትጎዳስ?»

«በምን? በሎሚ?»

የመጀመሪያውን መሐላ ጀምሬአለሁ።


ኅዳር 11፣ ሐሙስ

የሽማግሌው ጸሐፊ ፊልም። ሠላሳ ሦስት ሰው። ውስኪ በጠብታ ውኃ። ሥራው ቀላል ነበር፣ ልቤ ግን ከባድ። ሽማግሌው ከሃዲውን ሲያገኘው የገዛ ጓደኛው ሆኖ ተገኘ። «ለምን አልነገርከኝም?» ብቻ ነው ያለው። ፊልመኛው ማጫወቻው ጀርባ ሆኖ አፍንጫውን ሲናፈጥ ተሰማ። ለስንተኛ ጊዜ እንዳየው እግዜር ይወቀው።

ሰኞ እናገራለሁ።


ኅዳር 16፣ ማክሰኞ

ሰኞ አልተናገርኩም። ሥራ አስኪያጇ ባለቤቶቹ ጋ ልትሄድ ስትል «በርስዎ ነው የምኮራው» አለችኝ። ከዚያ በኋላ እንዴት ይባላል?

ፈሪ ነኝ።


ኅዳር 18፣ ሐሙስ

ዛሬ ተናድጃለሁ። የደሴቱ ፊልም፣ ጠላቂ ሰላዮች፣ ጂን በቶኒክና በኪያር። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ብርጭቆዎች ቀድቼ ትሪው ላይ ደረደርኩ፤ ልክ እንደ ሥዕል። ሻለቃ አነሳችው፣ እንደ ልማዷ ጎንበስ አለች፣ ሦስት እርምጃ ሄደች፤ ከዚያ ትሪው ከነብርጭቆው መሬት ላይ!

አሥራ አንድ ዓመት አንድ ማንኪያ ጥላ አታውቅም። ያውም ዛሬ!

«ምን ሆነሽ ነው?» ብዬ ጮህኩባት፣ በሰው ፊት።

«ይቅርታ ጋሼ። እግሬ ነው።»

ጠራረገችው። ያንኑ የቀዳሁበትን ጠርሙስ፣ ግማሽ ሙሉ ጂን፣ ስባሪ ገብቶበታል ብላ አነሳችው። ስባሪ በተዘጋ ጠርሙስ በየት ይገባል? አዲስ ጠርሙስ ራሷ ከፍታ ሰጠችኝ። ሰው እየጠበቀ ስለነበር መቅዳቴን ቀጠልኩ።

ወገቧ ብሶባታል። ማረፍ አለባት። እነግራታለሁ።


ኅዳር 20፣ ቅዳሜ

ይህንንም እጽፈዋለሁ።

ፊልመኛው ከሰዓት በፊት መጣ። «የማጽጃዬን ጠርሙስ አይተሃል?» አለኝ።

«የምን ማጽጃ?»

«የፊልም ማጽጃ አልኮል ነዋ። ባዶ የጂን ጠርሙስ ውስጥ ነው የማስቀምጠው። ሐሙስ እጄ ሞልቶ ነበርና እዚሁ ባሩ ላይ አሳርፌው ሄድኩ። ሽታው አናት ይበሳል፤ ማንም አይሳሳተውም ብዬ...»

ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ፊልመኛው ፊቴን አይቶ ቃሉን አልጨረሰም።

ሻለቃ ጠረጴዛ እየወለወለች ነበር። ጨርቁን አስቀመጠች።

«ስባሪ አልገባበትም አይደል?» አልኳት።

«አልገባበትም።»

«እግርሽም ደህና ነው።»

«ደህና ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ ታውቂያለሽ?»

«ከመጀመሪያው ሳምንት። የተበላሸ ቬርሙት ቀድተህ ስታበቃ ፈገግ አልክ። አንተ የተበላሸ ነገር ሸቶህ ፈገግ አትልም።»

ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም ልላት ነበር፤ እሷ ቀደመችኝ። «አንተ ሳትነግረኝ እኔ እንዴት ልንገርህ ጋሼ? ትሪዬን እያሸተትኩ ጠበቅኩ። ቀኖቹንም እኔ ነኝ የጻፍኳቸው።» ትንሽ ቆይታ «ቅባቱን እናቴ ትቀባዋለች፤ ትመርቅሃለች» አለች።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። አፍንጫም እንደዚያው ነው ለካ። እኔ ሌላውን የምሰልል መስሎኝ፣ ስንት ሳምንት በፍቅር ስሰለል ከርሜአለሁ።

ፊልመኛው ግን አልሳቀም። «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ መርዝ በጂን ጠርሙስ የሚያስቀምጥ ሰው እኔ ነኝ» እያለ ባሩን በመዳፉ ይመታል። «አንተ ደግሞ» አለኝ በመጨረሻ፣ «በየቅዳሜው ፊት ለፊትህ ቁጭ ብዬ፣ ለእኔም?»

ልክ እንደ ሽማግሌው ጸሐፊ ነው ያለው። እጄን ዘረጋሁለት፤ ያዘው፣ ቶሎ አልለቀቀውም።

ስድስት ብርጭቆ። ከስድስቱ አንዱ ለጥርስ ሐኪሙ ባለቤት ነበር።


ኅዳር 22፣ ሰኞ

ተናገርኩ። ሁሉንም፤ ጠርሙሱንም፣ ትሪውንም።

ሥራ አስኪያጇ መጀመሪያ አልገባትም፣ ቀጥሎ ገረጣች፣ ከዚያ ተቆጣች። መቆጣት ይገባት ነበር። «ስድስት ሰው!» አለች ደጋግማ። «ኬክ ቤቱን ፈርተው ስድስት ሰው!» ጭንቅላቴን ደፍቼ ሰማሁ። ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ተናግሮኝ የሚያውቅ የለም፤ እንዲህ አጥፍቼም አላውቅም።

ወደ መስኮቱ ሄዳ ቆመች። ባቡር እስኪያልፍ ውጭውን አየች።

«ከዛሬ ጀምሮ ብቻዎን አይቀዱም» አለች ሳትዞር። «ባሩን ሻለቃ ትረከባለች። እርስዎ ያስተምሯታል፤ እጅዎ የሚያውቀውን ሁሉ። አፍንጫዎ ከተመለሰ ያን ጊዜ እንነጋገራለን። ካልተመለሰም ያስተምራሉ።»

የቁልፉን ቀለበት ከቀበቶዬ ፈትቼ ለሻለቃ ሰጠኋት። አልቀበልም አለች። «ትዕዛዝ ነው፣ ሻለቃ» አልኳት። ተቀበለች።

እቤት ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኳት። ሳህን እያጠበች ነበር። «እንኳን ተናገርክ» አለች። ስታልፍ ማጅራቴ ላይ እርጥብ እጇን አሳረፈች።


ኅዳር 26፣ አርብ

ስድስተኛው ሐሙስ አለፈ። በዝርዝር ልጻፈው፤ ደስ ስላለኝ።

ሠላሳ ስድስት ወንበር፣ ሠላሳ ስድስት ሰው፣ ሁለት ደግሞ ቆመው፤ አንዱ ፊልመኛው። ፊልሙ ጡረታ የወጣች ሰላይ ናት። በተከራየችበት ክፍል ውስጥ ማርቲኒዋን በባዶ የጃም ጠርሙስ እየናጠች፣ ከበሩ ጀርባ ሊገድላት የመጣውን ሰው ትጠብቃለች። በመጨረሻ በሩን ራሷ ትከፍትና አንድ ብርጭቆ ትሰጠዋለች። ፊልመኛው ይህን ፊልም የመረጠው ለእኔ ነው፤ ለክርክሩ።

«በጃም ጠርሙስ ንጣ ጠጣች!» አለ መብራት ሲበራ፣ ለአዳራሹ ሁሉ። «ታዲያ አንተ ማነህ?»

«እሷ ማንኪያ አልነበራትም» አልኩት። አዳራሹ ሳቀ።

ውድድሩ ይህ ነበር። ሻለቃ ጂኑንም ቬርሙቱንም አሸትታ፣ አረጋግጣ፣ ለሁለታችንም እኩል ለካች። እሱ ይንጣል፣ እኔ አማስላለሁ። የደፈረሰውንና የጠራውን ዓይን እንዳይለይ በጥቁር ትናንሽ ስኒ ተቀዳ። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ሁለት ስኒ፤ የወደደው ስኒ ውስጥ የጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት ይተዋል።

ሳማስል ዓይኔን ጨፈንኩ። በረዶው መጀመሪያ ይንኳኳል። ቀጥሎ ድምፁ ይሰበሰባል፤ በመጨረሻ ይንሾካሾካል። ያኔ ማንኪያውን ማውጣት ነው። ብርጭቆው መዳፌን እስኪያመኝ ይቀዘቅዛል። አፍንጫዬ ባይኖርም ሌላው ሁሉ እዚያ ነበር፤ እጄን ሳምነው የመጀመሪያዬ ነው መሰለኝ። ከጎኔ ፊልመኛው መናጫውን ከትከሻው በላይ እያርገበገበ ላቡ ይንጠባጠባል፣ ጥርስ ሐኪሙ ያጨበጭቡለታል።

ሥራ አስኪያጇ ቆጠረች። የተናጠ ሃያ አንድ፣ የተማሰለ አሥራ ሰባት።

ተሸነፍኩ። ፊልመኛው እጁን ሽቅብ ዘርግቶ አዳራሹን ዞረ። ሰው ሲወጣ ግን ሻለቃ ባሩ ላይ ደገፍ ብላ በጆሮዬ «ፊልመኛው የማንን እንደመረጠ ታውቃለህ? የተማሰለውን» አለችኝ። ጠየቅኩት። ካደ። ጆሮው ድረስ ቀልቶ ካደ።

እኔም ቀምሻለሁ። ለማይሸተው ሰው የተናጠው ይሻላል፤ ቅዝቃዜው ምላስን ይነክሳል፣ ቢያንስ የሆነ ነገር ይሰማል። ይህ ግን ከዚህ ደብተር አይወጣም።

ባለቤቶቹ ባሩ ለአንድ ዓመት ይቆይ ብለዋል።


ታኅሣሥ 4፣ ቅዳሜ

ሻለቃ ዛሬ ባሩን ብቻዋን ያዘች። እኔ ከባሩ ማዶ ተቀመጥኩ፣ ደንበኛ ሆኜ፣ በሃያ ስድስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ። ወንበሩ ከፍ ያለ ነው፤ እግሬን የት እንደማደርግ ጠፋኝ።

ባለቤቴን ይዣት መጣሁ። እሷ መጠጥ አትወድም፣ ባሩንም ከበሩ አልፋ አታውቅም ነበር። ፊልመኛው ቆሞ ወንበሩን ለቀቀላትና «እትዬ፣ ፍርዱ ዛሬ የርስዎ ነው» አላት።

«የምን ፍርድ?»

«እንዳትጀምሩ» አለች ሻለቃ።

አንድ ማርቲኒ፣ የተማሰለ። እጇን አየሁ። ማንኪያው ብርጭቆውን ሳይነካ ይዞራል፤ በረዶው መንሾካሾክ ሲጀምር አወጣችው፤ ልጣጩን ጨመቀች። ምንም የማርመው አላገኘሁም፤ ትንሽ ቅር አለኝ፣ ብዙ ደስ አለኝ።

ብርጭቆውን ወደ ባለቤቴ ገፋሁት። «ለእኔ አሽትችልኝ» አልኳት።

ሳቀችብኝ። ሰዎቹን አየች፣ አፈረች። ከዚያ ጎንበስ አለች። በዝግታ ነው የምታሸተው፤ ጨርቅ ስትመርጥ በጣቷ እንደምታሽ።

«ጥድ» አለች። «ዝናብ የነካው ጥድ። ሎሚ አለው፣ ግን ፍሬው አይደለም፣ ቅጠሉ። ከሥሩ ደግሞ ቀዝቃዛ ነገር አለ... ጠዋት የምትነካው የብረት ቁልፍ።»

ፊልመኛው አፉን ከፍቶ ቀረ። ሻለቃ ወረቀት ስታነሳ አየኋት፤ ልትጽፈው ነው።

«ሌላስ?» አልኳት።

እንደገና አሸተተች። በዚህኛው ብዙ ቆየች። ቀና ስትል ዓይኗ ረጥቦ ነበር።

«ሌላማ አንተን ይሸታል» አለች። «ሃያ ስድስት ዓመት ማታ ማታ ኮትህን ስሰቅል የሚሸተኝ ይሄ ነው። ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ያንተ ሽታ ነው ብዬ ነበር የማስበው።»

ብርጭቆውን እንድታቀብለኝ እጄን ዘረጋሁ።

አልሰጠችኝም። እስከ መጨረሻው ጠጣችው።